ሦስተኛው ስላይድ ላይ የቀረው ስም

ነርሷ የሕፃናት መጠቅለያ ጨርቅ ስታጥፍ እጇን አታየውም። ጥግን ከጥግ ታገናኛለች፣ በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች፣ ለሁለት አጥፋ ክምሩ ላይ ታኖራለች፤ ነጩን በነጭ፣ ባለ ቢጫ ጠርዙን በባለ ቢጫ ጠርዝ። በዚያ ሰሞን ግን እጇ ሲያጥፍ አፏም የራሱ ሥራ ነበረው። ጨርቁ ላይ እንዳቀረቀረች በእንግሊዝኛ ታወራለች። "የተከበራችሁ ተሳታፊዎች" ብላ ትጀምርና ሃያኛው ጨርቅ አካባቢ ስትደርስ ቃሉ ይጠፋታል። ያኔ እጇም አብሮ ይቆማል።

"ቀጥይ እንጂ፤ አሁን እኮ ቁጥሩ ነው የሚመጣው" ይላታል ከበሩ ጥግ አንድ ድምፅ።

ድምፁ የእትዬ ነው። እትዬ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ የራሳቸው ስም ቢኖራቸውም ከሐኪሙ እስከ ዘበኛው ሁሉም እትዬ ነው የሚላቸው። ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀምጠውበታል። ጉልበታቸው ላይ የነርሷ የደረት ሰዓት አለ፤ ነርሶች የልብ ትርታ የሚቆጥሩበት፣ በመርፌ ቁልፍ ደረት ላይ የሚንጠለጠለው ትንሹ ሰዓት። እትዬ እንግሊዝኛ አያውቁም። ያን ንግግር ግን ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ስለሰሙት ዜማውን ይዘውታል። የት ከፍ እንደሚል፣ የት ዝቅ እንደሚል፣ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ ያውቃሉ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ነርሷ ናት። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። እኔ ጆሮ እንጂ አፍ የለኝም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ሰው የሚነግረኝ። ስትነግረኝ አንድ ቀን አይደለም የነገረችኝ፤ ዛሬ ትንሽ፣ ከሳምንት በኋላ ትንሽ፣ እየቆረሰች ነው።

የሚለማመዱበት ክፍል ጨርቅ ማጠፊያው ነው። ከክፍሉ መተላለፊያ መጨረሻ ላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ በአንድ በኩል እስከ ጣራ የደረሰ መደርደሪያ፣ በሌላው በኩል የሙቅ ውሃ ቧንቧ። ቧንቧው አንዳንዴ ሰው የሚያስል ይመስል ያንኳኳል። የመስኮቱ ግማሽ መስታወት ነጭ ቀለም ስለተቀባ ከውጭ ማንም አያያቸውም። ነርሷ ያን ክፍል የመረጠችው ለዚህ ነው። በተማሪነቷ ጊዜ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ጮክ ብላ እንድታነብ ታዝዛ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ክፍሉ በሙሉ ስቆባታል። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ወረቀትም፣ ወፍራም መጽሐፍም አንብባ ትረዳለች፤ መናገር ሲመጣ ግን ምላሷ ይተሳሰራል።

"እርስዎ አይስቁብኝም አይደል?" አለቻቸው በመጀመሪያው ቀን።

"ምኑ ገብቶኝ ነው የምስቀው?" አሉ እትዬ። "ይልቅ ፊትሽን ፍቺው። ጥርሷን ያመማት ነው የምትመስዪው።"

ነገሩ የተጀመረው ውሃ በጠፋበት ሳምንት ነው። በዚያ ክፍል ሕፃናቱ የሚታጠቡት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሦስት ሰዓት ላይ ሲዞሩ ንጹሕ ሆነው እንዲቆዩ። ወለሉም በዚያው ሰዓት ይወለወላል፤ እሱም ለዚያው ለሐኪሞቹ ዙር ነው። ወለሉ ቶሎ እንዲደርቅ መስኮቶቹ ወለል ተደርገው ይከፈታሉ። ይህ ሥርዓት መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም የተረከበው ከፊተኛው ነው፣ ለኋለኛውም እንዲሁ ያስረክባል።

ውሃው ለአምስት ቀን ጠፋ። በጀሪካን እየተቀዳ የመጣው ለሕፃናቱ ብቻ ሆነ፤ ወለሉ በደረቁ ተጠርጎ ታለፈ። መስኮት የከፈተም የለም፤ ምን ሊደርቅ። እትዬ መጥረጊያ ይዘው በአልጋዎቹ መሃል ሲያልፉ የሕፃናቱን እግር በእጃቸው ጀርባ ነካ የማድረግ ልማድ አላቸው። በዚህ የተነሳ ወጣቶቹ ነርሶች "ቴርሞሜትር" የሚል ቅጽል አውጥተውላቸዋል። "ቴርሞሜትር ዛሬ ስንት አነበበች?" እየተባለ ይቀለዳል። እሳቸውም አይቀየሙም፤ "አንቺን ስነካሽ ሥራ የጠላ ሰው ሙቀት ነው ያለሽ" ይሏቸዋል።

በአምስተኛው ቀን እትዬ ነርሷን ጨርቅ ማጠፊያው በር ላይ ያዟት።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ልበልሽና ለሰው አታውሪብኝ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"እኔ ባልወለወልኩ ቀን የልጆቹ እግር አይቀዘቅዝም።"

ነርሷ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም ነበር። እትዬ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ቃል እየመረጡ አስረዷት። ሃያ ሁለት ዓመት ያን ወለል ወልውለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እግር ነክተዋል። ወለሉ እርጥብ ሲሆንና መስኮቱ ሲከፈት፣ ከመታጠቢያው የወጡት ልጆች እስከ ቀትር እግራቸው በረዶ ነው። ዘንድሮ ውሃ ጠፍቶ አምስት ቀን ሙሉ አንድም አልቀዘቀዘባቸውም። "እኔ ነኝ እንግዲህ ሳበርዳቸው የኖርኩት" አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ነርሷ ያቺን ነገር ደጋግማ ነግራኛለች።

ውሃው ሲመለስ ነርሷ ቴርሞሜትር ይዛ ለካች። እትዬ ልክ ነበሩ። ለክፍሉ ሐኪም ነገረችው፤ "መዝግቢው" አላት። አራት ወር መዘገበች፤ ሁለቱን ወር በድሮው ሰዓት፣ ሁለቱን ወር ደግሞ ወለሉ ቀድሞ ተወልውሎ፣ ደርቆ፣ መስኮት ተዘግቶ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሕፃን ነው በመዝገቧ ያለው። በድሮው ሰዓት ከአሥር ሕፃን አራቱ ከልክ በታች ይቀዘቅዝ ነበር፤ በአዲሱ ሰዓት ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም።

ወለሉ ቀድሞ እንዲወለወል ግን ቀድሞ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። እትዬ ለዚያ ሁለት ወር በየቀኑ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። የሚኖሩት በሁለት አውቶቡስ ርቀት ነው። ማንም አላዘዛቸውም፤ የሰዓት ፊርማው ላይም የሰፈረ ነገር የለም።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። በዓመት አንድ ጊዜ ሐኪሞችና ነርሶች ከየቦታው ተሰብስበው ጥናት የሚያቀርቡበት ጉባኤ አለ፤ ነርሷ የላከችው ጥናት ተመርጧል። አሥር ደቂቃ ተሰጥቷታል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብባ፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ለግማሽ ቀን ለማንም አልተናገረችም።

ንግግሩን ራሷ ጻፈችው። ሦስተኛው ስላይድ ላይ የወለሉና የመስኮቶቹ ፎቶግራፍ አለ። እሱን ስታሳይ የምትለው እንዲህ ነበር፤ ሐሳቡ የመጣው የክፍላችንን ወለል ለሃያ ሁለት ዓመት ከወለወሉት ሴት ነው፤ ከዚያ የእትዬ ሙሉ ስም፣ ከነአባታቸው። መጀመሪያ ቀን ስታነበው እትዬ ሰዓቱን ከጉልበታቸው አነሱት።

"ምን አልሽ አሁን?"

"ስምዎን ነው።"

"እዚያ መሃል እኔ ምን እሠራለሁ?"

"ሐሳቡ የእርስዎ መሆኑን ነው የምናገረው።"

እትዬ ሰዓቱን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ቧንቧው ሁለት ጊዜ አንኳኳ። "እስኪ ድገሚው" አሉ በመጨረሻ። ደገመችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ንግግሩ እዚያች ቦታ ሊደርስ ሲል እትዬ የራስ ሻርፓቸውን በሁለት እጃቸው ያስተካክላሉ፤ ሰው ሊያያቸው የመጣ ይመስል። አንድ ቀን ሻርፓቸውን እያስተካከሉ ስለ ወንድማቸው አጫወቷት። ወንድማቸው መምህር ነው፤ ሌላ ከተማ ነው ያለው። እናታቸው የታመሙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ቤት መዋል ነበረበት፤ እትዬ ከአራተኛ ክፍል ቀሩ። "እሱ ሲቀልድ፣ 'አንቺ ባልዲ ይዘሽ ቀረሽ' ይለኛል" አሉ። "ክፋት የለውም እኮ፤ ቀልዱ ነው። ግን ያን ስሜን በእንግሊዝኛ ቢሰማው ደስ ይለኝ ነበር።"

ነርሷን ከንግግሩ በላይ ያስፈራት ጥያቄው ነበር። ንግግር ይሸመደዳል፤ የሰው ጥያቄ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ አንድ መሸሻ አዘጋጀች። ጥያቄው ካልገባት፣ "አመሰግናለሁ፣ ይህ ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል" ብላ ትቀመጣለች። እትዬ ይቺን ነገር ሲሰሙ በጣም ወደዷት። የእንግሊዝኛውን የመጨረሻ ሁለት ቃላት፣ "ፈርዘር ስተዲ" የሚለውን አጠኑ። በማግስቱ የክፍሉ ዋና ነርስ፣ "እትዬ፣ መተላለፊያው ለምን አልተወለወለም?" ስትላቸው፣ ወገባቸውን ይዘው "ፈርዘር ስተዲ" አሏት። ክፍሉ በሳቅ ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ሻይ ፈላ ወይ ለሚለውም፣ ቁልፉ የት ሄደ ለሚለውም መልሱ እሱ ሆነ።

ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው ሐኪሙ ወረቀቱን ሊያርምላት ወሰደው። ደግ ሰው ነው፤ የተሳሳቱትን ቃላት ብቻ በቀይ እያከበበ ሄደ። ሦስተኛው ስላይድ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አቆመ።

"ይቺ ዓረፍተ ነገር ትቅር ይሆን?"

"ምን ሆነች፣ ዶክተር?"

"ምንም አልሆነችም። እንዲያው እዚያ ያሉት ሰዎች የሚፈልጉት ቁጥር ነው። 'ከጽዳት ሠራተኛ ሰማሁ' ካልሽ የሰፈር ወሬ ይመስልባቸዋል። 'በክፍላችን እንደታየው' በይና እለፊ።"

"እሳቸው ግን ስማቸው እንዳለ ያውቃሉ።"

"መጨረሻ ላይ የክፍሉን ሠራተኞች በሙሉ ታመሰግኛለሽ አይደል? እሳቸውም እዚያ ውስጥ አሉ።" ወረቀቱን መለሰላት። "ለማንኛውም ንግግሩ ያንቺ ነው፤ ውሳኔውም ያንቺው።"

"አዞኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር" አለችኝ። "አላዘዘኝም፣ እማማ።"

ደግሞም ሐኪሙ ያለው ነገር ለእሷ አዲስ አልነበረም። እሷም በልቧ ፈርታው ነበር። በዚያ የተሳሰረ ምላሷ ሰው ፊት ቆማ፣ በዚያ ላይ ሐሳቡ የወለል ወልዋይ ነው ብትል የሚከተለውን ሳቅ ጆሮዋ ቀድሞ ሰምቶታል። ወረቀቷ ላይ ዓረፍተ ነገሯን በእርሳስ ሰረዘቻት። በእስክሪብቶ አይደለም፤ በእርሳስ። አሁንም ላነባት እችላለሁ ብላ ነው።

በማግስቱ ጨርቅ ማጠፊያው ውስጥ የመጨረሻውን ልምምድ አደረጉ። እትዬ ባልዲያቸው ላይ ነበሩ። ነርሷ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ስትደርስ የእትዬ እጅ ወደ ሻርፓቸው ሲሄድ አየችው። የተሰረዘውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ አለችው። ከነአባታቸው፣ ጥርት አድርጋ።

"እንደ ዛሬ አድርገሽው አታውቂም" አሉ እትዬ ሰዓቱን እየመለሱላት። "ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። በቃ፣ ነገም እንዲሁ ነው።"

በጉባኤው ቀን እትዬ ከሌላ ሠራተኛ ጋር ተራ ተለዋውጠው መጡ። ቡናማ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸውን ወልውለውታል፤ ሻርፓቸው ግራጫ ላይ ትንንሽ አበባ ያለበት፣ ነርሷ ከዚያ በፊት ያላየችው ነው። በሩ ላይ ያለችው መዝጋቢ ከየት እንደመጡ ስትጠይቃቸው፣ "ከሕፃናቱ" አሏት። ደረታቸው ላይ "እንግዳ" የሚል ወረቀት ለጠፈችላቸው።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ ቀይ፣ ወለሉ ምንጣፍ። እትዬ የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ጫማቸው ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ሰብስበው ነበር። ነርሷ ይህን ያየችው ከመድረኩ ላይ ሆና ነው። ማይክሮፎኑ ከእሷ ከፍ ስላለ አንድ ሰው መጥቶ ዝቅ አደረገላት፤ ውሃ ቀዱላት፤ መብራቱ ደብዘዝ አለ።

የመጀመሪያዎቹን ቃላት እየተደናቀፈች አለቻቸው። ከዚያ እጇ የሚሠራው ስላጣ የወረቀቱን ጫፍ ማጠፍ ጀመረ፤ ጥግን ከጥግ። ልክ እጇ ሲያጥፍ አፏም መንገዱን አገኘ። የመጀመሪያው ስላይድ አለፈ፤ የሳቀ የለም። ሁለተኛው አለፈ። ፊተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሽበታም ሰውዬ ይጽፍ ነበር። የሚጽፈው እሷ የምትለውን መሆኑን ስታውቅ ደረቷ ሞቀ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቷ ተሰምቷት አያውቅም።

ሦስተኛው ስላይድ መጣ። ወለሉ፣ መስኮቶቹ። ከአዳራሹ መጨረሻ ሁለት እጆች ወደ አበባው ሻርፕ ወጡ።

"በክፍላችን እንደታየው" አለች ነርሷ፣ ወደ አራተኛው አለፈች።

እጆቹ እዚያው ሻርፑ ላይ ቆዩ። ቁጥሮቹን ስትናገር እዚያው ነበሩ። ከዚያ አንዱ፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላው፣ ቀስ ብለው ወረዱ። ነርሷ እስከ መጨረሻው ስላይድ ድረስ ወደዚያ አልተመለከተችም። መጨረሻ ላይ የክፍሉን ሠራተኞች በሙሉ አመሰገነች። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እትዬም አጨበጨቡ፤ እጃቸውን ከሰው ሁሉ በላይ አንስተው።

ከዚያ ጥያቄ ሆነ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ መነጽር ያደረጉ አሮጊት ሐኪም ተነሡ። ለብዙ ዓመት ከሕፃናት ጋር የሠሩ መሆናቸውን ተናገሩ። ይህን የሚያህል ቀላል ነገር እሳቸውም ሆኑ ባልደረቦቻቸው አይተውት አያውቁም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ይፈልጋሉ። የመወልወያውን ሰዓት መመልከት እንዳለበት መጀመሪያ ያሰበው ማን ነው?

ነርሷ ጥያቄው ገባት። እያንዳንዱ ቃል ገባት። ሦስት ሳምንት የፈራችው እንግሊዝኛ ያን ጊዜ እንደ እናት ቋንቋዋ ጥርት ብሎ ነው ጆሮዋ የገባው። መልሱም አንድ ስም ነው፤ ሰዋስው አይጠይቅም። ባለስሟ በሩ አጠገብ ናቸው፤ በጣት ማሳየትም ይበቃ ነበር።

ግን ለምን ቀድመሽ አላልሽም ይሉኛል ብላ አሰበች። የሽበታሙን ሰውዬ እስክሪብቶ አየች። የወረቀቷን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች።

ሰብሳቢው ያልገባት መስሎት በደግነት ጥያቄውን ቀስ አድርጎ፣ በቀላል ቃል ደገመላት። አዳራሹ ሁሉ በርኅራኄ ያያታል።

"አመሰግናለሁ" አለች። "ይህ ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል።"

አሮጊቷ ሐኪም ግራ ተጋብተው ተቀመጡ። ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ እትዬ በሐዘን ራሳቸውን ሲነቀንቁ ታዩ። ያችን ቃል ያውቋታል። ልጅቷን ጥያቄው ከብዷት መስሏቸው ነው።

ሲመለሱ አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የምስክር ወረቀቷ በጥቅል ካርቶን ውስጥ ጉልበቷ ላይ ነበር። ሁለት ፌርማታ አለፈ።

"ሴትየዋ የጠየቀችሽ ከባድ ነበር መሰለኝ" አሉ እትዬ።

"አዎ፤ ከባድ ነበር።"

"ምን ብላ ነው?"

"አልገባኝም፣ እትዬ።"

"አይዞሽ። አንዷን ብትስቺ ምን አለበት? ሌላውን እንደ ውሃ ነው ያወረድሽው።" ሻርፓቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት። "እኔ ደግሞ ስሜ ጋ ስትደርሺ ተዘጋጅቼ ነበር። ሳልሰማው አለፈ። ማይኩ ነው አይደል?"

ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ አንድ ሰው የሱቁን ደጃፍ ውሃ ይረጭ ነበር።

"ማይኩ ነው" አለች።

"ብያለሁ እኮ። ያ ሰውዬ ዝቅ ሲያደርገው ነው ያበላሸው።" ደስ አላቸው። "እንግዲያው አንድ ነገር አድርጊልኝ። ያነበብሽውን ወረቀት አንድ ቅጂ ስጪኝ። ስሜ ያለበት ጋ መስመር አድርጊልኝና ለወንድሜ አሳየዋለሁ። እሱ ያነበዋል።"

"አመጣልዎታለሁ" አለች።

የምስክር ወረቀቱ በመስታወት ተደርጎ መተላለፊያው ላይ ተሰቀለ። መስታወቱን በየጠዋቱ የሚወለውሉት እትዬ ነበሩ። ነርሷ በዚያ ስታልፍ መሬት መሬት ታያለች። እትዬ ስለ ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ጠየቋት፤ አንዴ ማተሚያው ተበላሽቷል አለች፣ አንዴ ደግሞ ረሳሁት። ሦስተኛ አልጠየቁም። ሰው ማስቸገር አይወዱም። የወለሉ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ እንደተቀየረ ነው፤ ልጆቹም እግራቸው ሙቅ ነው። ይህን ስትነግረኝ ለመጽናናት የነገረችኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። "እያንዳንዱን እግር ስነካ እሳቸው ናቸው ትዝ የሚሉኝ" አለችኝ።

ከአራት ወር በኋላ እትዬ ጡረታ ወጡ። ክፍሉ ኬክ ቆረሰላቸው። አንዲት ወጣት ነርስ፣ "እትዬ፣ ከእንግዲህ ምን ሊሠሩ ነው?" ስትላቸው፣ "ፈርዘር ስተዲ" አሉና ሁሉንም አሳቁ። ነርሷም ሳቀች፤ ከሳቋ ቀጥሎ ጨርቅ ማጠፊያው ገብታ በሩን ዘጋች። እትዬ ወንድማቸው ወዳለበት ከተማ ነው የሄዱት። ከመሄዳቸው በፊት አድራሻቸውን የክፍሉ ጸሐፊ በሐምራዊ እስክሪብቶ በቁራጭ ወረቀት ጻፈችላቸው፤ እሳቸውም ወረቀቷን አጥፈው የነርሷ ደረት ኪስ ውስጥ፣ ከሰዓቱ ጀርባ ከተቱላት። "ሲመችሽ" አሉ።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። ነርሷ ፖስታ ገዝታለች። አድራሻውን በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ጽፋበታለች፣ ቴምብርም ለጥፋበታለች። ጎደሎው ውስጡ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ወረቀት አለ፤ ሁለቱንም አሳይታኛለች። አንደኛው ዓረፍተ ነገሯ ተመልሳበት፣ በስማቸው ሥር በማስመሪያ የተሰመረበት ነው። ሁለተኛው አዳራሹ ውስጥ በእርግጥ የተነበበው ነው፤ እሱ ላይ ስም የለም።

"የመጀመሪያውን ብልክላቸው ዳግመኛ መዋሸቴ ነው" አለችኝ። "መምህር ነው ወንድማቸው፤ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። እሳቸውም ሻርፓቸውን ያስተካክላሉ።"

"ሁለተኛውን ብትልኪስ?" አልኳት።

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመረች፤ ጥግን ከጥግ። ከዚያ መልሳ ዘረጋችው።

"ምን እንደሆነ ጽፈሽ ከእሱ ጋር ብትልኪው" ልላት ፈልጌ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ይህም የኔ ጥፋት ነው፤ ብያት ቢሆን ኖሮ ምናልባት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትሄድ የምትገዛውን በቁራጭ ወረቀት ላይ ትጽፋለች፤ የሠራችውን ትሰርዛለች። ባለፈው ቅዳሜ የገዛችልኝን ልትሰጠኝ እኔ ጋ ገባ ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ረስታው ሄደች። ሳሙና፣ ተሰርዟል። አምፖል፣ ተሰርዟል። ለጎረቤት የዓይን ጠብታ፣ እሱ የኔ ነው፣ ተሰርዟል። ዳቦ፣ ተሰርዟል። ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ "ፖስታ ቤት" የሚል አለ። እሱ አልተሰረዘም። ወረቀቱ ራሱ በማጠፍ ብዛት ጥጉ አልቋል፤ ከስምንት ወር በፊት የተጻፈ ነው መሰለኝ፣ ከሥሩ ያለውን ብቻ ነው በየሳምንቱ በላጲስ እያጠፋች የምትቀይረው።

ግድግዳውን መታ አድርጌ ጠራኋት። "ሰኞ በፖስታ ቤቱ በኩል አልፋለሁ" አልኳት ወረቀቱን እየሰጠኋት፤ "ፖስታውን ስጪኝና ላስገባልሽ።"

"ይተዉት፣ እማማ" አለችኝ። "እኔው እወስደዋለሁ።"